የማይሞላ ሽንት ቤት፣ የማይደርቅ ጉድጓድ

አሶሳ በመጣሁ ሰሞን ቤት ያሳየኝ ደላላ ስለ ክፍሉ አንድም ነገር አልነገረኝም። ስለ ግድግዳው ስንጥቅ ስጠይቀው፣ ስለ በሩ ቁልፍ ስጠይቀው «እሱ ምን ችግር አለው» እያለ ወደ ጓሮ ይጎትተኛል። ጓሮ ስንደርስ በቆርቆሮ ወደተከለለ ሽንት ቤት እየጠቆመ ደረቱን ነፋ።

«ይሄ ሽንት ቤት ከተቆፈረ ጀምሮ ሞልቶ አያውቅም። እናቴ ትሙት፣ ከተማውን ብትዞሪ እንዲህ ያለ ዕድል አታገኚም» አለኝ። ቀጥሎ በቀርከሃው አጥር ላይ ተንጠራርቶ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ያለ የውሃ ጉድጓድ አሳየኝ። «ይሄ ደግሞ ሚያዝያም አይደርቅም። ባለቤቷ ለማንም አትከለክልም፤ ሰደቃ ነው።»

ሙያዬ ላቦራቶሪ ነው። ከጎጃም ተነስቼ አሶሳ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ የተመደብኩት የሰው ሰገራና ደም በማይክሮስኮፕ እያየሁ የበሽታውን ስም ልጽፍ ነው። ስለዚህ የማይሞላ ሽንት ቤትና የማይደርቅ ጉድጓድ አጥር ለአጥር ተጎራብተው ሳይ ደስታ አልነበረም የተሰማኝ። ሽንት ቤቱ የማይሞላው ከሥሩ ውሃ ስላገኘ ነው፤ ጉድጓዱም የማይደርቀው ያንኑ ውሃ ስለሚያገኝ ነው። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ደላላው ግን ደስታው ከልቡ ስለነበር ምን ብዬ ላቋርጠው? ደግሞስ ያን ሰሞን ያየኋቸው ቤቶች በሙሉ እንደዚያው ነበሩ። ውሃዬን አፍልቼ እጠጣለሁ አልኩና ተከራየሁት።

የጉድጓዱ ባለቤት የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት። የሰፈሩ ልጆች «ሐቦባ» ይሏቸዋል፣ አያት ማለት ነው። እኔ «እማማ» እላቸው ነበር። እሳቸው ነጭ ጋውን ለብሼ ስላዩኝ «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም ብዬ ብምል ብገዘት አልሰማ አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «ና ዶክተር፣ ጠጣ» ሲሉኝ መጀመሪያ ላይ ከኋላዬ ወንድ የቆመ እየመሰለኝ ዘወር እል ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ እንዲያውም ከሌላ ሰው አፍ «ነይ» ስባል የሚጎድለኝ ነገር ነበረ።

ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ለሞተ ልጃቸው ነው። ልጁ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ አፈር ተደረመሰበት። ጓደኞቹ ከላይ ሆነው እየቆፈሩ ሳለ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር አሉ፤ «ውሃ፣ ውሃ» ይላል። ከዚያ ዝም አለ። ይህን ለእናት መንገር ጭካኔ ነው፤ ግን ነገሯቸው። እማማ የጆሮ ወርቃቸውን ሸጠው ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈሩና በልጃቸው ስም ለሰው ሁሉ ከፈቱት። ሕጉ ቀላል ነው። ሰው መጥቶ ጀሪካኑን ይሞላል፤ ከመሄዱ በፊት ግን በገመድ ከታሰረችው ኩባያ አንድ ጊዜ ይጎነጭና ለሟቹ ዱዓ ያደርጋል። ሙስሊሙ «አላህ ይርሐመው» ይላል፣ ክርስቲያኑ «ነፍሱን ይማረው» ይላል። ያለ ዱዓ ቀድቶ የሚሄድ ሰው አይከለከልም፤ እማማ ግን ቀኑን ሙሉ ቅር ሲላቸው ይውላል።

«ሰው ጠጣ፣ ዱዓ አለ፣ ለሱ ይደርሳል» አሉኝ አንድ ጠዋት። «እዚያ ታች ጠማው። አሁን በየቀኑ ይጠጣል። ወላሂ፣ በየቀኑ።»

ልጁ አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ነበር የሞተው። እናቷ ሌላ አግብታ ወደ ኩርሙክ ስለሄደች ልጅቷ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። ትምህርት ቤት ልትገባ የደረሰች ናት፣ ቁመቷ ግን ገና ጡት የተወች ያስመስላታል። ሆዷ ይነፋል፣ ጸጉሯ ይሳሳል፣ ዓይኗ ግን ነገር አያልፈውም። ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። «ዛሬ ምን አየሽ?» ትለኛለች፤ በማይክሮስኮፕ ማለቷ ነው። ትል አየሁ ስላት ፊቷን ታኮማትራለች፣ ከዚያ ግን «ትልቅ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። በዚያ ከተማ ውስጥ የኔን ሥራ ከልቡ የወደደው ሰው እሷ ብቻ ናት።

እማማ ጉድጓዱን ባስቆፈሩ ጊዜ ሰፈሩ ማንጎ ብቻ ነበር ይላሉ፤ ጎረቤት ለመጥራት መጮኽ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ከተማው መጣ። ከካማሺ በኩል፣ ከመተከል በኩል ጥይት ያሳደደው መጣ። ሱዳን ስትታመስ ድንበር የተሻገረው መጣ። እንደ እኔ ምደባ ያመጣው መጣ፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ግድቡ ላይ ሠርቶ ጥሪት የቋጠረው መጣ። ሁሉም ምክንያት አለው፣ ማንም «አንተ ተመለስ» አይባልም። ማንጎው ተቆረጠ፣ ቦታው ተሸነሸነ፣ በጭቃና በእንጨት የኪራይ ክፍሎች ተደረደሩ። ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሽንት ቤት ይቆፈራል። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና በዚያ ጠባብ መንገድ አይገባም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ቆፋሪውን «ውሃ እስክታገኝ ውረድ» ይለዋል። ቆፋሪው ከታች «አገኘሁ!» ብሎ ሲጮኽ ላይ ያሉት ይመርቁታል። እኔ ባደግኩበት አገር ሰው ውሃ ሲገኝ የሚመርቀው ምንጭ ሲያጎለብት ነው።

አንዳንድ ጊዜ እንዲህ እያሰብኩ እናደዳለሁ። ገጠር የነበረ ሰው ለልጆቹ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ብሎ ወደ ከተማ ይመጣል። እዚያው ጤና ጣቢያው ሥር አስቀምጠን እናሳምመዋለን፣ ከዚያ ካርድ አውጣ እንለዋለን። ገጠር ቢታመም እንኳ ከሰው ሰገራ ጥቂት ይርቅ ነበር። እኛ ግን እላይ በላይ ተደራርበን የአንዱን ሆድ ለሌላው እናጠጣለን።

ሥራ ቦታ ናሙና በዕቃ ነው የሚመጣው፤ ዕቃ ሲያልቅ በክብሪት ቀፎ ይመጣል። ክብሪት ቀፎውን እያየሁ የየትኛው ሰፈር እንደሆነ መገመት ጀመርኩ። ከእኛ ሰፈር ከሆነ አሜባ አለ፣ ጃርዲያ አለ፣ የወስፋት እንቁላል አለ፤ አንዳንዱ ላይ ሦስቱም። የእማማ የልጅ ልጅ ናሙና ሲመጣ ግን ልቤ ሌላ ነበር። መድኃኒት ትወስዳለች፣ ትድናለች፣ ጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ለአባቷ ትጠጣለች፣ ተመልሳ ትታመማለች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይባላል፤ እኛ በመድኃኒት ነበር የምንወቅጠው። እየቀጠነች መጣች። ሐኪሙ አንድ ቀን ወደ ላቦራቶሪው ብቅ ብሎ «ይቺ ልጅ በዚህ ከቀጠለች ክረምቱን አትወጣም» አለኝ። ያን ቀን ከሰዓት ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ሰው ሲገባ ሥራ ላይ ያለሁ እንዲመስል።

ለውሃ ምርመራ የምናገኛት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አለች። ውሃ ሞልተው ሞቅ ካለ ቦታ ያስቀምጧታል፤ ውሃውን ሰገራ የነካው ከሆነ ውስጧ ይጠቁራል። ከእማማ ጉድጓድ ቀድቼ ክፍሌ ውስጥ መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ከሰል መስላ ጠበቀችኝ።

ጠርሙሷን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት አከራዬ ዘንድ ነው። ደግ ሰው ነው፤ በዓል ሲሆን ለተከራይ ሁሉ ምግብ ያዳርሳል። ጠርሙሷን አገላብጦ አየና «ታዲያ ይሄ ከኔ ሽንት ቤት ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ? ዙሪያውን ስንት ሽንት ቤት አለ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብዙ አለ። «ጋሼ፣ ሁላችሁም ብትደፍኑትና ጥልቀት የሌለው ብታስቆፍሩ» አልኩት። «ይሞላላ!» አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ። «ሲሞላ ማን ይመጥጥልኛል? አንቺ?»

ከዚያ ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠው ልጅ ትህትና አላነሰውም፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ጠርሙሷንም በአድናቆት አየ። ነገር ግን ሰፈራችን በከተማው ፕላን ውስጥ የለም አለኝ። ፕላን ውስጥ የሌለ ሰፈር የቧንቧ መስመር አይዘረጋለትም፣ መንገድ አይከፈትለትም።

«ሰፈሩ ፕላን ውስጥ ባይኖርም ትሉ ሆዳችን ውስጥ አለ» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረውም። «እህቴ፣ እኔም እዚያው አካባቢ ነው የምኖረው፤ እኔም አሞኛል» አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ ወጣሁ።

የቀሩኝ እማማ ነበሩ። ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ባሚያ እየከተፉ አገኘኋቸው። ልጅቷ አጠገባቸው ተጋድማለች፣ ትኩሳት ነበራት። ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነገርኳቸው፤ ሰፈሩ በሽንት ቤት ተከቧል፣ ቆሻሻው ሥር ለሥር እየሄደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ሰው የሚታመመው ከዚህ ውሃ ነው፣ ይቺም ልጅ ከዚሁ ነው አልኩ። ከተፋውን አላቆሙም። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጡና እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ።

«ሰው ሲጠጣ ለልጄ ይደርሳል» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ሰው ሲታመምስ? እሱም ይደርሳል?»

የቄስ ልጅ ነኝ፤ የሃይማኖት ጥያቄ ብዙ ሰምቼ አድጌያለሁ። እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሼሁን ይጠይቁ አልኳቸው።

ከሰዓት ሄደው ጠየቁ። ሼሁ መልካም ሰው ናቸው፤ «ሥራ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው፣ አንቺ የሰጠሽው ንጹህ ውሃ ነበር፣ ያላወቅሽው ነገር አይጻፍብሽም» ብለው አጽናኗቸው። እማማ ግን ሲመለሱ ፊታቸው ሲሄዱ እንደነበረው ነው። ደጃፌ ላይ ቆመው «እስከ ትናንት አላወቅኩም» አሉኝ። «ዛሬ አወቅኩ። ዛሬ የሚጠጣውስ?»

መጀመሪያ የሞከርነው ክሎሪን ነው። ከጤና ጣቢያው ለምኜ አመጣሁና ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርነው። ሰው ውሃው መድኃኒት መድኃኒት ይላል ብሎ አጉረመረመ፤ ከሰነበተ በኋላ ለመደው። ጠርሙሷም አንድ ጊዜ ነጭ ሆና አደረች። ግን ሽንት ቤቶቹ እዚያው ናቸው፤ ከላይ ስናክም ከሥር ይበከላል። ከዚያ ክሎሪኑ አለቀ፣ ሌላ የሚመጣው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። አፍልታችሁ ጠጡ ብዬ ቤት ለቤት ዞርኩ። በምን እናፍላ አሉኝ፤ የከሰሉ ዋጋ የምግባቸውን ያህል ሆኖባቸዋል። ግድቡ ጉባ ነው፣ ጉባ ደግሞ የኛው ክልል ነው፤ በሰፈራችን ግን መብራት ሲመጣ ልጆች ያጨበጭባሉ።

እማማ አንድ ጠዋት ጉድጓዱን በቆርቆሮ ከደኑት። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ከመሩ፣ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ራሳቸው ተቀመጡ። ውሃ ቀጂዎቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን እየያዙ መጡ። መጀመሪያ የታመሙ መስሏቸው ጠየቋቸው። ከዚያ ለመኗቸው። እማማ ለእያንዳንዱ «ውሃው ታመመ» ይላሉ። ቧንቧ ያለበት ሰፈር ሩቅ ነው፣ እዚያም በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ፈረቃውም እንደ ልቡ ነው። ሰዉ ወደ ታች ወደ ወንዙ መውረድ ጀመረ፤ ወንዙ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ እጣቢና ቆሻሻ የሚወርድበት ነው። ጠርሙሴን አውጥቼ እሱንም ማየት አላስፈለገኝም።

ውሎ ሲያድር ልመናው ወደ ኩርፊያ፣ ኩርፊያው ወደ ስድብ ተለወጠ። አንዲት ከመተከል ተፈናቅላ የመጣች ሴት ነበረች፣ ከኔ ረድፍ መጨረሻ ክፍል የምትኖር፣ ጨቅላ የታቀፈች። ክፉ አይደለችም። ባሏን እዚያው ቀብራ የመጣች ናት፤ የሷን ያህል የተጎዳ ሰው ለክፋት የሚሆን ጉልበት የለውም። ያን ቀን ግን ከወንዝ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተመለሰች፤ መንገድ ላይ ወድቃ ውሃው ፈሶባታል፣ ጉልበቷ ይደማል። እማማ ፊት ቆማ ጮኸች።

«ውሃ የከለከለ ሰው፣ ልጁ በሰማይም ውሃ አያገኝም!»

እሷም ከአፏ የወጣው ነገር አስደንግጧት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እማማ ተነሱና ድንጋዮቹን በገዛ እጃቸው አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። ሮጬ ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ እባክዎ።»

«ሰማህ?» አሉኝ። «ልጄን ምን እንዳለው ሰማህ?»

ክንዳቸውን ለቀቅኩ። ሌላ ምን ላድርግ? እኔ በእጄ ያለው አንዲት ጠርሙስ ናት፤ እሳቸው የያዙት የልጃቸውን ጥም ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድመው፣ ሰው እያየ፣ ከጉድጓዱ አንድ ሙሉ ኩባያ ይጠጡ ጀመር። ቀድሞ ለራሳቸው ውሃ የሚቀዱት በትንሽ ማሰሮ ነበር፣ አፍልቼም እሰጣቸው ነበር። ለምን እንደዚህ ያደርጋሉ ብዬ ተቆጣኋቸው፤ አዎ፣ ተቆጣሁ፣ እንደ እናቴ ነው የምቆጣቸው። «በሰማይ ልጄ ብቻውን አይጠየቅም» አሉኝ። «እኔም ጠጥቻለሁ እላለሁ።»

ልጅቷን ግን አስማሏት። ቁርዓን ፊት አቁመው ከዶክተሩ ቤት በቀር ውሃ እንዳትጠጪ አሏት። እሷም ቃሏን ጠበቀች። ጠዋትና ማታ ክፍሌ እየመጣች ካፈላሁት ትጠጣለች፤ ስትጫወት ሲጠማት ከጨዋታው አቋርጣ ትሮጣለች። ለአባቷ ዱዓ የምታደርገውም እኔ ክፍል ቆማ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ሆዷ ጎደለ፣ ጉንጯ ሞላ። ናሙናዋን አይቼ ምንም ያጣሁ ቀን ጤና ጣቢያ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ ቆየችና «ምንም የለም» አለች፣ ቅር ብሏት። እኔ ግን በዚያ ከተማ ካየሁት ነገር ሁሉ ደስ ያለኝ ያ ባዶ ስላይድ ነው።

ክረምት ገባ። አሶሳ ዝናብ ሲጀምር ቀልድ አያውቅም። የኪራይ ቤቶቹ ሽንት ቤት ውስጥ ጎርፍ ገባ፣ ያ የማይሞላው ሁሉ ሞልቶ ግቢ ለግቢ ፈሰሰ። ከዚያ ሰው በአንድ ጊዜ ይረግፍ ጀመር። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «አተት» ነው የሚባለው፤ ትክክለኛ ስሙን መጥራት ያስቆጣል። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰው መሬት ተኛ፣ ግሉኮሱን የምንሰቅልበት ጠፍቶ መስኮት ፍርግርግ ላይ አሰርነው። እኔም ማይክሮስኮፑን ትቼ ሰው አነሳ ነበር።

እማማን ያመጧቸው በዝናብ ነው። ባጃጁ ጭቃ ላይ ተተክሎ ቀርቶ የሰፈሩ ጎረምሶች በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው አደረሷቸው። ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ቆዳቸው ቆንጥጠው ቢለቁት አይመለስም። ደም ሥር ፈልገን ልናገኝላቸው አልቻልንም። ልጅቷ ቃሬዛውን ተከትላ በባዶ እግሯ መጥታለች፤ የሚያባርራት አልነበረም። እማማ ደጋግመው «ውሃ» አሉ። ኦ አር ኤስ በጥብጬ በማንኪያ በማንኪያ ሰጠኋቸው፣ አብዛኛው በአገጫቸው ወረደ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞቱ። እጃቸውን ይዤ ነበር፤ የሞቱበትን ቅጽበት አላወቅኩትም፣ ልጅቷ ናት የነገረችኝ።

ሰፈሩ ለእማማ ያለቀሰው ለቅሶ ሌላ ነው። ያቺ የረገመቻቸው ሴት መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ደረቷን ደቃች፣ ይቅር በሉኝ ብላ የሚሰማትን ሰው አጣች። ከሜንጌ እህታቸው መጥታ ልጅቷን ልታሳድግ ግቢው ውስጥ ተቀመጠች። ሐዘኑ ሲበርድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ለሐቦባ ምን እናድርግላት ተባባሉ። መልሱ ለሁሉም አንድ ነበር፣ ክርስትናም እስልምናም አልለየውም። የድሮው ጉድጓድ ጎርፍ ገብቶበታል፤ አዲስ ጉድጓድ በስሟ እንቆፍር አሉ። ግቢው ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ደግሞ የኔ አከራይ አጥር ሥር ያለው ብቻ ነው።

ተነስቼ ተናገርኩ። እየተሳደብኩ ጭምር፣ እማማን የገደላቸው ውሃው ነው አልኩ፤ አጥሩ ሥር ሽንት ቤቱ አለ፣ በስማቸው መርዝ አትቆፍሩ አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። አንድ ሽማግሌ እስክጨርስ ጠበቁኝና ዝግ ብለው «እሺ፣ ዶክተር። ታዲያ ከየት እንጠጣ?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ በእውነት መልስ እየጠበቁ ነበር። ተቀመጥኩ።

ቆፈሩ። የሚከፈለው አልነበረም፤ ሁሉም በጉልበቱ ነው። አከራዬ አካፋ ይዞ ወረደ። ያቺ ሴት ጨቅላዋን አዝላ አፈር ስታወጣ ዋለች። ውሃው ሩቅ አልነበረም፣ ክረምት ነውና ቶሎ ፈለቀ፤ እልልታው እኔ ክፍል ድረስ ተሰማ። ጠርተው ወሰዱኝ፣ መቅረት አልቻልኩም። አዲስ ኩባያ በአዲስ ገመድ ታስሯል። የመጀመሪያውን ለሰው የምታድለው የልጅ ልጃቸው ትሁን ተብሎ ልጅቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። ሰው እየጠጣ ይመርቃል፣ እሷም ከአፋቸው ምርቃቱ እስኪወጣ እያየች ትጠብቃለች።

ተራዬ ሲደርስ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ አመጣችልኝ። «የሐቦባ ነው» አለችኝ።

አልተቀበልኳትም። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «እኔ አልጠጣም። አንቺም እንዳትጠጪ፤ ሐቦባ አስምላሻለች» አልኳት።

ኩባያውን አየች፣ እኔን አየች። «አንቺ ካልጠጣሽ ለሐቦባ አይደርሳትም» አለች።

«በሌላ ይደርሳታል፣ የኔ ቆንጆ። ዱዓ ብቻውን ይደርሳል።»

ራሷን ነቀነቀች። «ስትሞት ጠምቷት ነበር» አለች።

ልይዛት እጄን ስዘረጋ ኩባያውን አፏ ላይ አድርጋ እስከ ታች ጨለጠችው። አፏን በክንዷ ጠርጋ «አላህ ይርሐማት» አለች። ከዚያ እንደገና ሞላችና «ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው» ብላ የኔንም ጠጣችልኝ።